ሳህኗ የተሸረፈባት ማዳም፦ የጆሴፊን ኮክሬን እና የማሽኗ ታሪክ

በምትሠሩበት ቤት እቃ ማጠቢያ ማሽን ካለ (ሊባኖስ ያላችሁ ጀላያ የምትሉት ማለት ነው) ነገሩን ለገበያ ያበቃችው አንዲት ማዳም ናት። መሃንዲስ አልነበረችም፣ ዩኒቨርሲቲም አልገባችም። አሜሪካ ውስጥ፣ ኢሊኖይ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ሼልቢቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የምትኖር፣ ቤቷ ሠራተኞች ያሏት፣ እንግዳ መጋበዝ የምትወድ ሴት ነበረች። ነገሩ የተነሳውም ከሠራተኞቿ ጋር ነው። ሳህኖቼን ሸረፉብኝ ብላ።

እንዲህ አይነት ማዳም የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ስለዚህ ታሪኳን የምንጽፈው ልናሞካሻት አይደለም። ግን ይህቺው ሴት ባሏ ሞቶባት፣ ዕዳ ላይ ወድቃ፣ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዛ ተነሳችና ኩባንያ አቋቋመች። እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ መራችው። ዛሬ ስታርትአፕ የሚሉትን ነገር ቃሉ ከመፈጠሩ በፊት ሠርታዋለች ማለት ነው። ሀገሬ ስገባ የራሴን ሥራ እጀምራለሁ ብላችሁ ከደሞዛችሁ የምትቆጥቡ እህቶች ብዙ ስለሆናችሁ፣ የሄደችበትን መንገድ ጠጋ ብሎ ማየቱ ይጠቅማል ብለናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጆሴፊን ጋሪስ የተወለደችው ማርች 8 ቀን 1839 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ አሽታቡላ በሚባለው አካባቢ ነው። ማርች 8 በኋላ የሴቶች ቀን ሆኖ መከበሩ አጋጣሚ ነው እንጂ ከእሷ ጋር አይገናኝም። አባቷ ጆን ጋሪስ ሲቪል መሃንዲስ ነበር፤ ልጅነቷን ያሳለፈችው ኢንዲያና ውስጥ ቫልፓራይዞ በምትባል ከተማ ከእሱ ጋር ነው። በእናቷ በኩል ደግሞ የዘር ሐረጓ ከጆን ፊች ይደርሳል። ፊች በ1787 ፊላደልፊያ፣ ዴላዌር ወንዝ ላይ በእንፋሎት የሚሄድ ጀልባ ለሰው ያሳየ ፈጣሪ ነው። ጀልባው ሠርቷል፤ ንግዱ ግን አልሠራም፣ ሰውየውም ድሃ ሆኖ ሞተ። ከ20 ዓመት በኋላ በእንፋሎት ጀልባ ስሙ የገነነው ሮበርት ፉልተን የተባለ ሌላ ሰው ነው። እቃ መፍጠር አንድ ነገር፣ ከእቃው እንጀራ መብላት ሌላ ነገር መሆኑን የጆሴፊን ቤተሰብ በራሱ ሰው አይቶታል።

ትማርበት የነበረው ትምህርት ቤት ሲቃጠል ሼልቢቪል ወደምትኖረው እህቷ ዘንድ ተላከች። እዚያው በ1858፣ በ19 ዓመቷ፣ ዊሊያም ኮክራን የተባለ ነጋዴ አገባች። ዊሊያም ወርቅ አገኛለሁ ብሎ ካሊፎርኒያ ድረስ ተሰዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ነው። (ስደት የኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም።) ከተመለሰ በኋላ ግን በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ተሳካለት፣ ፖለቲካም ውስጥ ገባ። ጆሴፊን የባሏን ስም ስትጽፍ መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ጨምራ ኮክሬን አደረገችው፤ እንዲህ ሲሆን ከፍ ያለ ቤተሰብ ስም ይመስላት ነበር ይባላል። ከሁለት ልጆቻቸው አንዱን በጨቅላነቱ አጡ።

በ1870 ወደ ትልቅ ቤት ተዛወሩ። የከተማው ባለጠጎች እየመጡ የሚጋበዙበት ቤት ሆነ። ጆሴፊን በግብዣዎቿ ላይ የምታቀርበው ከዘመዶቿ የወረሰችውን የቻይና ሸክላ ነው፤ አንዳንዱ ከ1600ዎቹ ጀምሮ የመጣ ነው ይባል ነበር። ታዲያ ከአንድ ግብዣ በኋላ ሠራተኞቿ ሲያጥቡ ጥቂት ሳህኖች ጠርዛቸው ተሸረፈ። ማዳም ተናደደች። ከዚያ በኋላ ያንን ሳህን ማንም አይነካብኝም ብላ ራሷ ማጠብ ጀመረች።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የጆሴፊንን የሕይወት ታሪክ የጻፉት ሁሉ ስለ ሳህኖቹ ዕድሜ ይነግሩናል። ሳህኖቹን ስላጠቡት ሴቶች ግን የሚነግረን የለም። ስማቸው የለም፣ ስንት ሰዓት ቆመው እንደሠሩ የለም፣ ከደሞዛቸው ተቆርጦ እንደሆነም የለም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እንግዳ ሲሄድ ጠባብ ገንዳ ውስጥ፣ እጅ በሚያሟልጭ ሳሙና፣ የመቶ ሰው እቃ ያጠበ ሰው ሳህን ለምን እንደሚሸረፍ ያውቀዋል። ሰብረሻል ተብላችሁ ደሞዝ የተቆረጠባችሁ እህቶችም ታውቁታላችሁ። (በነገራችን ላይ፣ እቃ ሲሰበር ደብቆ ማቆየት ነገሩን ያብሳል፤ የዚያኑ ቀን መናገርና በስልክ ፎቶ አንስቶ መያዝ በኋላ ክርክር ሲመጣ ይረዳል።)

ጆሴፊን ግን አንድ ነገር አደረገች፣ ብዙ ማዳሞች የማያደርጉትን። ገንዳው ጋ ራሷ ቆመች። ጥቂት ቀን ካጠበች በኋላ ሥራው ምን ያህል አሰልቺ እንደሆነ ገባት፤ የሚሸረፈውም በሰው ግድየለሽነት ብቻ ሳይሆን ሳህን ከሳህን ጋር፣ ሳህንም ከገንዳው ጋር ስለሚጋጭ መሆኑን አየች። መፍትሔ ያገኘችው ችግሩን ከገንዳው ዳር ቆማ ስላየችው ነው። ሳሎን ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ሠራተኛ ትቀይር ነበር እንጂ ማሽን አትሠራም።

እቃ የሚያጥብ ማሽን ለመሥራት የሞከረች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ አይደለችም። በ1850 ጆኤል ሃውተን የሚባል አሜሪካዊ ከእንጨት የተሠራ፣ በእጅ ሲዞር ውሃ ሳህን ላይ የሚረጭ እቃ ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ ነበር። ከሱ በኋላም የሞከሩ አሉ። ነገር ግን ሰው ቤት ገብቶ በትክክል የሚያጥብ አልተገኘም። ችግሩ ሁሉም ውሃውን ብቻ ማሰባቸው ነው። ጆሴፊን የጀመረችው ከሳህኑ ነው። ሜትር ይዛ ሳህኖቿን፣ ስኒዎቿን፣ የስኒ ማስቀመጫዎቿን አንድ በአንድ ለካች። ለያንዳንዱ ቅርጽ ልክ የሚሆን የሽቦ ማቀፊያ ሠራች፤ ሳህኑ ከገባ አይነቃነቅም፣ ከጎረቤቱም አይጋጭም። ማቀፊያዎቹን በአንድ ተኝቶ የሚሽከረከር መንኮራኩር ዙሪያ ደረደረች። መንኮራኩሩ ከመዳብ በተሠራ ጋን ውስጥ ይቀመጣል። እጀታው ሲዞር መንኮራኩሩ ይሽከረከራል፣ ከታች ደግሞ ሳሙና ያለበት ሙቅ ውሃ በኃይል ወደ ላይ ይረጫል። ቀጥሎ ንጹህ ሙቅ ውሃ። ሳህኑ ስለሚግል ሲወጣ በራሱ ይደርቃል።

ዋናው ሐሳብ ይሄው ነው፦ ሳህኑን አጥብቀህ ያዝ፣ ማሻሸቱን ለውሃው ግፊት ተወው። ዛሬ ወጥ ቤት ውስጥ ያለውን ማሽን በሩን ከፍታችሁ ብታዩት የሽቦ መደርደሪያው ያው የሷ ነው። ሳህን በሳህን ላይ ደርቦ ማስገባት ለምን እንደማያጸዳም ከዚህ ይገባችኋል፤ ውሃው የማይደርስበት ቦታ አይታጠብም፣ ማሽኑ ሌላ እጅ የለውም። ከታች ያለውን ማጣሪያም በየጊዜው አውጥቶ ማጠብ ነው፤ እሱ በምግብ ትርፍራፊ ከተደፈነ ግፊቱ ይደክማል። ደግሞ የወርቅ ቅብ ያለበት ወይም በእጅ የተሳለ አሮጌ ሸክላ ማሽን ውስጥ አይገባም፣ ቀለሙ ይለቃል። ማለትም ጆሴፊን ላድናቸው ብላ የተነሳችላቸው አይነት ሳህኖች እስከ ዛሬ የሚታጠቡት በእጅ ነው!

ማሽኑ ገና ሐሳብ ሳለ ባሏ ሞተ። ዓመቱ 1883 ነበር። ዊሊያም ብዙ ይጠጣ ነበር። ከሞተ በኋላ ወረቀቱ ሲገላበጥ የተገኘው ወደ 1,500 ዶላር ጥሬ ገንዘብ እና ከዚያ የሚበልጥ ዕዳ ነው። ትልቁ ቤት፣ ግብዣው፣ ሠራተኞቹ ሁሉ የቆሙት በምን ላይ እንደነበር ያኔ ታወቀ። ጆሴፊን 44 ዓመቷ ነው። ሥራ ይዛ አታውቅም። በዚያ ዘመን ለእንደሷ አይነት ሴት የሚጠበቀው ዘመድ ቤት ገብታ መቀመጥ ነው፣ ወይም እንደገና ማግባት። እሷ ግን ለራሷ ምቾት ስታስበው የቆየችው ማሽን አሁን የሚሸጥ እቃ መሆን እንዳለበት ወሰነች።

ከቤቷ ጀርባ ባለች የእንጨት ጎጆ ውስጥ ሥራ ተጀመረ። ሥዕሉና ልኩ ከሷ ነው፤ ብረት መቁረጥና መበየድ ግን ሰው ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ የገጠማትን ነገር በኋላ ለጋዜጠኛ ስታወራ በምሬት ነበር፦ የቀጠረቻቸው ወንዶች እሷ ያለችውን አይሠሩም፤ ከሜካኒክነት ምን ታውቃለች ብለው በራሳቸው መንገድ ይሠሩታል፣ ሳይሆን ይቀራል፣ እንደገና ይሠራል፣ የሷ መንገድ ትክክል መሆኑ የሚገባቸው ገንዘቧ ካለቀ በኋላ ነው። ሀገር ቤት ቤት ያሠራችሁ ወይም ሱቅ ያስጠገናችሁ እህቶች ይህን ታሪክ ሌላ ሰው እንዲነግራችሁ አትፈልጉም። በዕዳ ውስጥ ላለ ሰው የያንዳንዱ ስህተት ዋጋ እጥፍ ነው።

በመጨረሻ ጆርጅ በተርስ የሚባል መካኒክ አገኘች። በተርስ የሚለየው ሙያው ብቻ አይደለም፤ ያዳምጣል። እሷ ስትነግረው ይሠራል፣ የማይሆን ሲመስለው ይነግራታል፣ አብረው ይሞክሩታል። ይህ ሰው ከዚያች የጓሮ ጎጆ ጀምሮ አብሯት ቆየ፣ በኋላ የራሷን ፋብሪካ ስትከፍት ኃላፊ አድርጋ የሾመችው እሱን ነው። እኛ እንደምናየው ከሆነ ከማሽኑ ቀጥሎ ትልቁ ግኝቷ በተርስ ነው። ዘመድ ነው ተብሎ ሳይሆን ሥራውን ታይቶ ቦታ ያገኘ ሰው።

ዲሴምበር 28 ቀን 1886 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጣት። ቁጥሩ 355,139 ነው። ወረቀቱ የወጣው በራሷ ስም ነው። ብረቱን የቆረጡት ወንዶች ናቸው፣ ግን ሐሳቡ የማን እንደሆነ በመንግሥት መዝገብ ላይ ተጽፏል። ይሄ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ግን አስቡት፤ አሥር ዓመት ሙሉ ከቤሩት፣ ከሪያድ፣ ከኩዌት ብር ልካ ያሠራችው ቤት በወንድሟ ስም ሆኖ የጠበቃት እህት በየሰፈሩ አለች። በፍቅር ነው የሆነው፣ በመተማመን ነው። ካርታው ላይ ግን ስሟ የለም። ጆሴፊን ያን ቁጥር ባትይዝ ኖሮ ማሽኑን ከሷ ይልቅ ገንዘብ ያለው ማንኛውም ፋብሪካ ሠርቶ ይሸጠው ነበር፣ እሷም እንደ ጆን ፊች ትቀር ነበር።

ኩባንያውን ጋሪስ-ኮክራን አለችው፤ የአባቷን ስም አስቀድማ። አሁን የቀረው ገዢ ማግኘት ነው።

መጀመሪያ ያሰበችው ገዢ እንደ ራሷ ያለች የቤት እመቤት ናት። ማሽኑ የተፈጠረው ለእንደዚያ አይነት ቤት ነውና። እዚህ ላይ ግን ሒሳቧ አልሠራም። አንደኛ ነገር ዋጋው ከ75 እስከ 100 ዶላር ነበር፣ በዚያ ጊዜ ከባድ ገንዘብ። ሁለተኛ ማሽኑ ብዙ የፈላ ውሃ ይፈልጋል፤ የአብዛኛው ሰው ቤት የውሃ ማሞቂያ ያንን ያህል አይችልም፣ በብዙ ቦታም ውሃው ማዕድን ስለሚበዛበት ሳሙና አረፋ አይሰጥም። ሦስተኛውን ምክንያት ያስተዋለችው ራሷ ናት፣ እኛንም ብዙ ያሳሰበን እሱ ነው። ሴቶቹ እቃ ማጠብ ይጠላሉ፤ ግን ለወጥ ቤት እቃ ይህን ያህል አውጡ ሲባሉ ወዲያው በገንዘቡ ሌላ ምን ሊገዛበት እንደሚችል ማሰብ ይጀምራሉ። የራሳቸው ጊዜና እረፍት በገንዘብ የሚተመን ነገር ነው ብለው ማሰብ አልለመዱም ትል ነበር። ቢፈልጉ እንኳ ቦርሳው ያለው ባል ጋ ነው፤ ባል ደግሞ ለቢሮው ሒሳብ የሚያቀል ማሽን ሳያቅማማ ይገዛል፣ ለወጥ ቤት ሲሆን ውድ ነው ይላል።

ይህንን አረብ ቤት ለምትሠራ ሴት ማስረዳት አያስፈልግም። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሰዓቱ ስለማይቆጠር ሥራ አይመስልም። ሰዓቱ ካልተቆጠረ ደግሞ ማን ዋጋ ያወጣለታል? በሆቴል ግን ይቆጠራል። እዚያ የታጣቢው ሳህን ብዛት፣ የሚሰበረው፣ ለአጣቢዎች የሚከፈለው ደሞዝ ሁሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ባለሆቴል የማሽኑ ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ በወረቀት ደምሮ ማየት ይችላል። ጆሴፊን ይህ ሲገባት አልተከራከረችም። ለቤት ነው የፈጠርኩት ብላ ድርቅ አላለችም። ፊቷን ወደ ሆቴል አዞረች።

የመጀመሪያው ገዢ ቺካጎ ያለው ፓልመር ሃውስ ነው፤ በጊዜው ከአሜሪካ ታዋቂ ሆቴሎች አንዱ። እዚያ የገባችው በምታውቀው ሰው አስተዋዋቂነት ነው። ቀጥሎ ወደ ሸርማን ሃውስ ስትሄድ ግን ማንም አላስተዋወቃትም። በዚያ ዘመን ጨዋ የምትባል ሴት ብቻዋን ሆቴል ውስጥ መታየት አይገባትም። ጆሴፊን ከዚያ በፊት አባቷ ወይም ባሏ አብሯት ሳይሆን እንዲህ አይነት ቦታ ገብታ አታውቅም። የእንግዳ መቀበያውን አዳራሽ ከበሩ እስከ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ብቻዋን ማቋረጥ በሕይወቷ ካደረገችው ሁሉ የከበደ ነገር እንደነበር በኋላ ተናግራለች፤ አዳራሹ መጨረሻ የሌለው መስሎ ታያት፣ እያንዳንዱ እርምጃ ላይ የምትወድቅ መሰላት። አልወደቀችም። ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ የ800 ዶላር ትዕዛዝ ይዛ ወጣች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቦሌን ብቻችሁን ያቋረጣችሁ፣ ወይም ቋንቋ ሳታውቁ የማታውቁት ሀገር ኤርፖርት ቆማችሁ ስማችሁ እስኪጠራ የጠበቃችሁ፣ ያንን አዳራሽ ታውቁታላችሁ። ልዩነቱ እሷን ማንም አልላካትም፤ ራሷን ነው የላከችው።

ትዕዛዝ መጣ፣ ገንዘብ ግን የለም። ማሽኖቹን የሚሠሩት ኢሊኖይ ውስጥ ያሉ የሌሎች ሰዎች ፋብሪካዎች ናቸው፤ እየከፈለች ታሠራለች። እንዲህ ሲሆን ትርፉ ይከፋፈላል፣ የራስ ፋብሪካ ለመክፈት ደግሞ ካፒታል ይጠይቃል። ወደ ባለሀብቶች ሄደች። ገንዘብ ለማውጣት ፈቃደኛ የሆኑ ነበሩ፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አላቸው፦ ኩባንያውን ወንዶች ይምሩት፣ እሷ ከአመራሩ ትውጣ። የማሽኑን ሥራ ከሷ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ እያዩ ማለት ነው። እምቢ አለች። በዚህ ምክንያት ኩባንያዋ ለዓመታት በዝግታ ነው ያደገው፤ ከአንዱ ማሽን ሽያጭ በተገኘው ሌላውን እያሠራች።

እምቢ ማለቷ ትክክል ነበር ወይ? ሰው ሁለት አይነት ሊፈርድ ይችላል። ገንዘቡን ብትቀበል ምናልባት በፍጥነት ታድግ ነበር። እኛ ግን የምናደላው ለእምቢታዋ ነው። የብር አጋር ቶሎ ይገኛል፤ ከፈረሙ በኋላ ማውጣት ነው የሚከብደው። እሷ ደግሞ ለመኖሪያዋ የሚሆን ሌላ ነገር አልነበራትም፤ ከኩባንያው ከወጣች የሚቀራት ያው ዕዳና ትልቅ ቤት ነው።

ሰፊ ስም ያገኘችው በ1893 ነው። በዚያ ዓመት ቺካጎ ከተማ ኮሎምበስ አሜሪካ የደረሰበትን 400ኛ ዓመት ለማክበር ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አዘጋጀች፤ በስድስት ወር ውስጥ ከ27 ሚሊዮን ሰው በላይ ገባ። ጆሴፊን ማሽኗን በማሳያ ቦታ ብቻ አላስቀመጠችም። ኤግዚቢሽኑ ግቢ ውስጥ ባሉ ምግብ ቤቶች ወጥ ቤት ዘጠኝ ማሽኖች ገብተው በየቀኑ የሺህ እንግዶችን እቃ ያጥቡ ነበር። ማስታወቂያ ማለት ይሄ ነው፤ በወረቀት ሳይሆን በሥራ ላይ። ትልልቆቹ ማሽኖች በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከ200 በላይ ሳህን የሚያጥቡ ነበሩ። ዳኞቹ ለአሠራሩ፣ ለጥንካሬው እና ለተሠራለት ሥራ ተስማሚ በመሆኑ ሽልማት ሰጧት።

ዓመቱ በአሜሪካ ከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ የተነሳበት ነበር፣ ባንኮች እየተዘጉ፣ ፋብሪካዎች ሠራተኛ እየበተኑ። የሷ ሥራ ግን ቀጠለ። ከሆቴልና ከምግብ ቤት ቀጥሎ ሆስፒታሎችና ኮሌጆች መጡ። ሆስፒታል የፈለገው ለሳህኑ አስቦ አይደለም። የሰው እጅ የማይችለው የፈላ ውሃ ማሽን ውስጥ ስለሚቻል፣ በሽታ ከእቃ ወደ ሰው እንዳይተላለፍ ነው። ጆሴፊን ማሽኑን ስትሠራ ስለ ጀርም አላሰበችም። ገዢዎቿ ግን ያላሰበችውን ጥቅም አገኙለት፣ እሷም ለዚያ ለመሸጥ አልሰነፈችም።

በ1898 የራሷን ፋብሪካ ከፈተች፤ የቀድሞ ትምህርት ቤት ሕንፃ ውስጥ፣ በበተርስ ኃላፊነት። ኩባንያው በዚህ ጊዜ ክሬሰንት የሚል ስም ይዟል። ማሽኖቿ ከሜክሲኮ እስከ አላስካ ይሄዱ ነበር። የመጀመሪያውን ሞዴል ይዛ አልተቀመጠችም፣ እያሻሻለች ነው የቆየችው፤ አንዱ ማሻሻያዋ መብቱ የተሰጠው ከሞተች በኋላ በ1917 ነው።

ማሽኑ ለገባባቸው ሆቴሎች አጣቢዎች ምን ሆነ የሚል ጥያቄ ይነሳል፣ መነሳትም አለበት። ባለሆቴሉ ማሽን የሚገዛው ለእጅ ቆዳ አዝኖ አይደለም፤ በአሥር ሰው የሚሠራውን በሦስት ለማሠራት ነው። የቀሩት ሥራው ይቀላቸዋል፣ የወጡት እንጀራ ይፈልጋሉ። ቤት ውስጥም ማሽን የሠራተኛን ሥራ ሁልጊዜ አይቀንስም፤ እቃ ማጠቢያው ተገዛ ተብሎ በተረፈው ሰዓት ሌላ ሥራ ሲጨመር አይተናል። ጆሴፊን ስለዚህ የተናገረችው ነገር የለም። የምታስበው ስለ ሳህንና ስለ ሽያጭ ነበር።

እስከ መጨረሻው ሻጭ ሆና ኖረች። በ1912፣ በ73 ዓመቷ፣ ለአዳዲስ ሆቴሎችና ትልልቅ መደብሮች ማሽን ለመሸጥ ኒውዮርክ ድረስ ተጉዛለች። ያኔ ሸርማን ሃውስ አዳራሽ ላይ የምትወድቅ የመሰላት ሴት ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ ኦገስት 1913፣ ቺካጎ ውስጥ በ74 ዓመቷ አረፈች። የተቀበረችው ሼልቢቪል ነው።

ኩባንያው ግን አልሞተም። በ1926 ሆባርት የሚባል የኦሃዮ የወጥ ቤት መሣሪያ አምራች ገዛው። ሆባርት በዚያ ጊዜ ኪችንኤድ በሚል ስም የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ይሸጥ ነበር፤ በ1949 በዚሁ ስም ለቤት የሚሆን እቃ ማጠቢያ አወጣ። ጆሴፊን መጀመሪያ ያሰበችው ገዢ፣ ማለትም የቤት እመቤት፣ መግዛት የጀመረችው ከ1950ዎቹ በኋላ ነው፤ በየቤቱ የሚበቃ ሙቅ ውሃ ከገባ እና ለማሽን የሚሆን ሳሙና ከተሠራ ወዲህ። በ1986 ኪችንኤድን ዊርልፑል ጠቀለለው። በምትሠሩበት ወጥ ቤት ከነዚህ ከሁለቱ ስሞች አንዱ የተጻፈበት ማሽን ካለ፣ የሷ ኩባንያ ተወራሽ ነው። በ2006 ስሟ አሜሪካ ውስጥ የታላላቅ ፈጣሪዎች ስም በሚሰፍርበት መዝገብ ገብቷል።